ያደረሰ ያመጣል

ሬሕማ ይመር ካርቱም በኖረችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደ ሰው ቤት ወስዳ ሳትመልሳት የቀረችው ሴት አንዲት ብቻ ናት። እሱም ገና በመጀመሪያው ላይ፣ ደንቡን ሳታወጣ በፊት ነው። የዚያችን ልጅ ስም ነግራኝ አታውቅም። ሠርግ ላለበት ቤት ለሦስት ቀን ተሰጥታ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ሬሕማ ስትጠይቅ «ብቻዋን ወጥታ ሄደች» አሏት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ የለም።

ደንቡ ከዚያ መጣ። ሬሕማ ሴቲቱን ራሷ ታደርሳለች፤ የመመለሻውን ቀን ከተቀባይዋ እመቤት አፍ ታስነግራለች፤ ቀኑ ሲደርስ ራሷ ሄዳ ታመጣለች። ስትሄድ ግቢ አትገባም። ከደጃፉ ቆማ በዐረብኛ «አማናዬን ልወስድ መጣሁ» ትላለች፤ አደራዬን ማለቷ ነው። ሴቶቹም ይህን ድምፅ ሳይሰሙ ከደጅ አይወጡም ነበር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የተጻፈው በዋናዋ አሠሪ ስም ስለሆነ፣ ፖሊስ «ከሻ» ለሚሉት አፈሳ ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ሰው ሲለቅም ሌላ ሰፈር ብቻዋን የተገኘች ሴት መልስ የላትም። ከሬሕማ ጋር ከሆነች ግን አትነካም፤ የሰፈራችን የዴም ፖሊሶች ግማሾቹ ሬሕማ ሠራተኛ በምታደርስባቸው ቤቶች ያደጉ ናቸው።

ከወሎ፣ ከባቲ አካባቢ ነው የመጣችው። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቤት አገልግላ እመቤቷ ስትሞት፣ የሟቿ ወዳጆች እሷን መጥራት ለመዱ። የአንዷ ልጅ ሲዳር፣ የሌላዋ ቤት ለቅሶ ሲገባ፣ ረመዳን ሲደርስ ስልኳ ይጮኻል። ከአርባ በላይ ቤቶች ነበሩ። አንደኛዋ ሠራተኛ ጣፋጭ ታውቃለች፤ ሌላዋ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ማገላበጥ ትችላለች፤ ሦስተኛዋ ለመቶ ሰው ታበስላለች። ሬሕማ ማን ምን እንደምትችልና የትኛው ቤት ምን እንደጎደለው ታውቃለች። እኛ ዴም ውስጥ ይህን ውሰት እንለው ነበር።

እኔ መዝገብ አያያዝ ተምሬ ለዶክትሬት ካርቱም የመጣሁት ይህንኑ ላጠና ነው። የጥናቱ ርእስ «በአሠሪዎች ትስስር ውስጥ የሰው ኃይልና ክህሎት መጋራት» ይላል። የመጀመሪያ ቀን ሳነብላት ሬሕማ የሽንኩርት ቢላዋዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እትዬ ሬሕማ።»

«ታዲያ የምን ዶክተራ ነሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ወላሂ እኔም ገና ነኝ» አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አሠሪዎቹ ሠራተኛ ይጋራሉ ነው የምትይው? ተሳስተሻል፣ ማዘንጊያ። አገር ቤት ወንፈል አታውቂም? ዛሬ ያንቺን እናርማለን፣ ነገ የኔን። እኛ ነን እመቤቶቹን የምንጋራቸው። አንዷ ቤት የመረራት ሴት ሳምንት ወጥታ ተንፍሳ ትገባለች። እነሱ ያበደሩ ይመስላቸዋል» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ የጥናቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ሆነ።

እሷ ሁሉን በጭንቅላቷ ነበር የምትይዘው። መዝገቡን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሴቲቱ፣ የወጣችበት ቤት፣ የገባችበት ቤት፣ መመለሻ ቀን፣ ያመጣት። ደንብም አወጣሁለት፦ ሬሕማ ራሷ ያላረጋገጠችው ቃል መዝገብ ላይ አይወጣም። በአራት ዓመት ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ውሰት ተጻፈ። እያደር ሬሕማ ከራሷ ይልቅ መዝገቡን ማመን ጀመረች። ዕድሜዋ ሃምሳ እየቀረበ ነበር፤ ቤቶቹም በዙ። «የሰውን ሥራ ከሚጽፈው መልአክ ቀጥሎ የምትጽፊ አንቺ ነሽ» ትለኝ ነበር።

በ2015 ረመዳን ናስራ የምትባል ልጅ ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር ወደምትገኝ ኢኽላስ ወደምትባል እመቤት ቤት በውሰት ሄደች። ናስራ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሳምቡሳዋና ጣፋጯ በሁለት ሰፈር የታወቀ። መመለሻዋ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7 ተባለ።

ሐሙስ ዕለት ኢኽላስ ወደ ሬሕማ ደውላ ስታጣት ወደኔ ደወለች። ቤተሰቡን ይዛ ወደ ገጠር ልትወጣ ነው፤ ናስራን ለእህቷ ሰጥታታለች፤ የእህቷ ቤት ከዋናው መንገድ ወዲህ፣ ወደ ዴም በኩል ነው። አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ። ሬሕማ ስላላረጋገጠችው መዝገቡ ላይ አላሰፈርኩትም። ወረቀቱን ያኖርኩት በጥናቱ ማህደር ውስጥ ነው። በውሰት የመጣች ሴትን ተዋሺዋ አሠሪ መልሳ ስታውስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስፈልገው የኖርኩት ነገር ነው። በራሱ ላይ «ምሳሌ ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩበት። ሬሕማ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ዐሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጦርነቱ ተጀመረ።

ሬሕማና እኔ ሁለት ቀን አብረን ከምንኖርበት ክፍል አልወጣንም። መብራት ጠፋ፤ ውኃ ጠፋ፤ ስልክ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አሥር ጊዜ እምቢ ይላል። ከግድግዳው ጀርባ ጋራዥ ያለው ፍሰሐ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ጠግኖ ሴቶቹን ወደ ገዳሪፍ ሊያወጣ ተነሣ። ከየቤቱ የቻሉት መጡ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሬሕማ ስም እየጠራች ቆጠረች። ሃያ አንድ ሆኑ። በውሰት ከወጡት አንዲት ጎደለች።

«ናስራ የት ነው ያለችው?» አለችኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። «ካርቱም ሁለት፣ ኢኽላስ ቤት። ከዋናው መንገድ ማዶ፣ አረንጓዴው በር።»

«እርግጥ ነው?»

«ተጽፏል።»

«ተጽፏል ካልሽማ» አለችና ነጠላ ጫማዋን በሸራ ጫማ ለወጠች።

ፍሰሐ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰማን። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ነው የምንነሣው፣ ሬሕማ። አራት ከሩብ የሚባል ነገር የለም።»

«አንተ በሰዓቱ ያስረከብከው መኪና አለ?»

«ይኼ የመጀመሪያው ነው። ልጅቷ ደግሞ እግር አላት፤ ራሷ ትምጣ።»

«አትመጣም። እኔ ሳልጠራት ከደጅ እንዳትወጣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያደረሰ ያመጣል።»

ያን ማታ ተኩሱ አላስወጣት አለ፤ ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወጣች። በደህና ቀን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ተጠማዝዞ ለሚሄድ አንድ ሰዓት እንበል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ ትደርሳለች ብዬ አሰላሁ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ ስትወጣ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም።

እኔ ዕቃዬን ማሰር ጀመርኩ። መዝገቡን በላስቲክ ጠቀለልኩ፤ ከዚያ የጥናቱን ማህደር አነሣሁ። ወረቀቱ ከላይ ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ረስቼው ነበር። የራሴ የእጅ ጽሕፈት፤ «ምሳሌ ዘጠኝ»። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ይላል።

ደወልኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። ወደ ሬሕማ፣ ወደ ናስራ፣ ወደ ኢኽላስ። ወደ እህትየው ቤት ከዴም የሚያስኬድ የውስጥ መንገድ አለ፤ ዋናውን መንገድ መሻገር አያስፈልገውም። ሬሕማ ደግሞ በዚያ ሰዓት በእኔ ቃል ተሻግራ ማዶ ደርሳለች፤ ናስራን ለማግኘት መልሳ መሻገር አለባት። ሮጬ ወደ ፍሰሐ ሄድኩና ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበው፤ መለሰልኝ።

«አሁን ብትሄጂ ሁለት እንፈልጋለን» አለ። ከበሩ ፊት ቆመ፣ አልተንቀሳቀሰም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ከመንገዱ በኩል ተኩስ ይሰማል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ሴቶቹ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው መጋረጃውን ዘጉ። አራት ሰዓት ሲሞላ ፍሰሐ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ አጠፋው። አራት ከሩብ ሆነ። ፍሰሐ ወደኔ አላየም።

አራት ከሃያ አምስት ላይ ናስራ በውስጡ መንገድ ብቻዋን መጣች። በአንድ እጇ የሬሕማን የሸራ ጫማ አንዱን እግር ይዛለች፤ ለምን እንደያዘችው የምታውቅ አልመሰለኝም።

«እትዬስ?» አልኳት።

«ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች» አለች።

ቀሪውን መንገድ ላይ ነገረችኝ፤ በኋላም የእህትየው ቤት ዘበኛ ሀሰን በስልክ አረጋግጦልኛል። ሬሕማ አረንጓዴው በር ላይ አንድ ሰዓት ያህል አንኳኳች። ቤቱ ባዶ ነው። ከጎረቤት ያለ ሰው ወጥቶ «ልጅቷ እህትየው ቤት ናት» አላት። መንገዱን ስትሻገር ተመታች። የማን ጥይት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልጽፍም። ቆስላም ቢሆን ከእህትየው በር ደረሰች። አልገባችም። «አማናዬን ልወስድ መጣሁ» አለች። ናስራ ድምፁን ሰምታ ከፈተች።

«ደም ሳይ ጮህኩ» አለችኝ ናስራ። «እሷ ግን፣ ‘መኪናው አራት ሰዓት ነው፤ በውስጡ መንገድ ሂጂ’ ብቻ ነው ያለችው። አልሄድም አልኳት። ‘እንግዲያው በከንቱ ነው የመጣሁት?’ አለችኝ።»

ሀሰን እስከ መንገዱ ጫፍ ናስራን ሸኝቶ ሲመለስ ሬሕማ አልፋለች። ወደ መቃብር ቦታ መሄጃ አልነበረም። እሱና የቤቱ ሰዎች ከግቢው ጥግ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቀበሯት።

ናስራ ስትደርስ እኔ ወደ ሬሕማ ልሄድ ብዬ ነበር። ፍሰሐ ክንዴን ይዞ አስገባኝና በሩን ዘጋ። እንዳልታገልኩትም ልጻፍ። ሃያ ሁለት ሴቶች ገዳሪፍ ደረሱ።

ጥናቱን ጨረስኩ። ምሳሌ ዘጠኝ ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ከስምንት ወደ አሥር ያልፋል። አማካሪዬ ቁጥሩ እንዲስተካከል በኅዳጉ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፉልኝ። አላስተካከልኩትም። መዝገቡ ላይ ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። ሴቲቱ፦ ሬሕማ ይመር። የወጣችበት፦ ዴም። የገባችበት፦ የኢኽላስ እህት ቤት። የላካት የሚል አምድ ስላልነበረ አምድ ሠራሁለትና ስሜን አሰፈርኩ። መመለሻ ቀኑና ያመጣት የሚለው ባዶ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ተኩሱ ከከተማው ሲርቅ፣ በየግቢው የተቀበሩትን ወደ መቃብር ቦታ ማዛወር ተጀመረ። ሀሰን ደወለልኝ። ናስራን ከገዳሪፍ ይዤ ሄድኩ። ዴም ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ የሚያውቀን ሰው አልነበረም፤ የፍሰሐ ጋራዥ ጣሪያ የለውም። በእግራችን በውስጡ መንገድ ሄድን። ሃያ አራት ደቂቃ ፈጀ። አንድም መኪና የሚያልፍበት መንገድ አልተሻገርንም።

በሩ ላይ ስንደርስ ናስራ ወደኋላ ቀረች።

«ጥሪ» አልኳት። «ዐረብኛው ላንቺ ይቀናል።»

«እሷን የላኳት እኔ አይደለሁም» አለች። «አንቺ በይው።»

አንኳኳሁ። ሀሰን ከፈተ፤ ሸብቷል። ከኋላው ኒሙ ይታያል፤ ከሥሩም ቃሬዛና አካፋ የያዙ ሁለት የሰፈር ሰዎችና ነጭ ጨርቅ የያዘች አንዲት አሮጊት። ግቡ አለን በእጁ። እኔ ከደጃፉ አላለፍኩም።

«አማናዬን ልወስድ መጣሁ» አልኩ።

ሀሰን ጎንበስ ብሎ የወለሉን መወርወሪያ ነቀለና የበሩን ሁለተኛ ክንፍ ከፈተው። ቃሬዛው በአንዱ አያልፍም ነበር።