ከወንፈል የወጣን ዓመት

አንዲት የአውሮፓ አገር ከጎረቤቶቿ ጋር ካለችበት ኅብረት ለመውጣት ድምፅ መስጠቷን የሰማሁት ሰኔ ላይ፣ እናቴ ቤት ሬዲዮ ከፍቼ ነው። ያኔ ሞላሌ ከተማ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሳልጠየቅም አስተምራለሁ።

«ወጥታ ምን ታገኛለች?» አለች እናቴ።

ክፍል ውስጥ የቆምኩ ይመስል ዘረዘርኩላት። ሕጓን ራሷ ታወጣለች፣ በሯን ለማን እንደምትከፍት ራሷ ትወስናለች፣ ከፈለገችው ጋር ትነግዳለች፣ የማንንም ተራ አትጠብቅም።

«ተራ አትጠብቅም?» አለች። ከሁሉም የያዘችው ይቺን ብቻ ነበር።

እናቴ ከስድስት ጎረቤቶች ጋር ወንፈል ትገባ ነበር፤ አንድ ቀን የአንዱን ገብስ፣ ሌላ ቀን የሌላውን እየተጋገዙ ያጭዳሉ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ተራ የሚያወጡት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሷ ማሳ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። አጫጅ ስለሌላት የናቋት ይመስለኝ ስለነበር እበሽቅ ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ገብሷ እንደቆመ በረዶ መታው። ሦስተኛ ቢደገም የምትበላው አልነበራትም።

መስከረም ላይ ወንፈሉን ተወች።

«እኔ አለሁልሽ፤ ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ አጭዳለሁ» ብዬ ፎከርኩ።

«ሰንበቱን ምን ልናደርገው ነው?» አለችኝ። በእነዚያ ቀናት አገሬው ማጭድ እንደማያነሳ የመንዝ ልጅ ሆኜ ዘንግቼዋለሁ። አፈርኩ። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ከሰኞ ጀምሮ የአምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤ አንድ ባልደረባዬንም ጎትቼ ሄድኩ።

ገብሱ እንደደረሰ ገባንበት። ወንፈል በአንድ ቀን የሚጨርሰውን እኛ ሦስት ቀን ፈጀንበት፤ ወገባችን ተቆረጠ። በአራተኛው ቀን በረዶ ወረደ። የእኛ ተከምሮ ነበር። ትምህርቴ ፍሬ አፈራ ብዬ ኮራሁ።

ጓዳ ስገባ ግን ጋኑ እስከ አፉ ጠላ ሞልቶ አየሁ። ለሦስት ሰው የወንፈል ጠላ ጠምቃለች።

«ምነው ይሄ ሁሉ?»

«እጄ ለምዶ» አለች።

በማግስቱ ጎረቤቶቹ ከበረዶ የተረፈውን የሽማግሌውን ገብስ ሲያጭዱ፣ ጠላውን በገንቦ አዝላ ወሰደችላቸው። ማጭዴን ይዤ ተከተልኳት።

«ያንቺስ ገባ?» አሏት ሽማግሌው።

«ገባ፣ አባቴ።»

«እሰይ።» ጠላውን ጠጥተው ወደ እናቴ ዞሩ። «ባልሽ ተራ ሲያወጣ ራሱን መጨረሻ ያደርግ ነበር። ቀድሞ የማሳውን ዳር ዳር ብቻውን ያጭድና ለእኛ ጥቂት ይተውልን ነበር። እሱ የሠራውን ተራ መቀየር ከብዶን ነው እንጂ አንቺን ንቀን አይደለም።»

እናቴ አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «በፈቃዱ መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም» አለች። ለካ ለሁለት ዓመት የበሸቅኩት በአባቴ ላይ ኖሯል።

«ከርሞ ከተመለስሽ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አሏት።

እናቴ በረዶ የተኛበትን ማሳቸውን አየች።

«መጀመሪያስ አልሆንም፤ እርስዎ ይቅደሙ። ሁለተኛ ይሁንልኝ» አለችና ነዶ ለመሰብሰብ ጎንበስ አለች።