ከአሰብ የመጣው ድንጋይ

ልጄ ከሰው እጅ የገዛውን የባሕር ዓሣ ማኖሪያ የመስተዋት ሣጥን ቤት ባስገባ ሰሞን፣ አብረው የመጡት ድንጋዮች አረንጓዴ ለብሰው ነበር። «እማዬ፣ ይህን አልጌ በብሩሽ ልፈግፍገው?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ጨውና እርጥብ ሣር ይሸታል። ያን ሽታ ከዚያ በፊት የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሰቆጣ፣ አክስቴ ቤት።

ዘመኑ ደርግ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያደግሁት አክስቴ ዘንድ ነበር። ብዙ የማልናገር ልጅ ስለነበርኩ ጓደኛዬ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የጎረቤታችን የጨው ነጋዴ ልጅ ዘይነባ። የአሰብ መስመር ሾፌር የሆነው አጎቷ አንድ ጊዜ በሰፊ ብልቃጥ የባሕር ውሃና ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አመጣላት። ድንጋዩ ላይ ቡናማ አበባ የመሰለ ነፍስ ያለው ነገር ነበር፤ ስንነቃነቅ ይከደናል፣ ጸጥ ስንል ይከፈታል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፊት ለፊቱ እንቀመጣለን፤ ቀድማ የተንቀሳቀሰች ተሸናፊ ናት። ብዙ ጊዜ ስቃ የምትሸነፈው ዘይነባ ነበረች።

ጦርነቱ ሲቃረብ ዘይነባ ከወላጆቿ ጋር ወደ ደሴ ሄደች። ሱቁን ሊጠብቁ የቀሩት አያቷ አባባ ሰይድ ብቻ ነበሩ። የጭነት መኪናው ላይ ሆና ብልቃጡን አቀበለችኝ። «እስክመጣ አደራ! ከሞተብሽ አላናግርሽም!»

አክስቴ አየችውና፣ «የቆላ ፍጥረት አይደል? ብርዳችን ይገድለዋል፤ ፀሐይ አሙቂው» አለችኝ። መስኮት ላይ አኖርኩት። ጥቂት ሰንብቶ ድንጋዩ አረንጓዴ ጸጉር አበቀለ፤ አበባው በውስጡ ተዋጠ። ውሃውም ጎደለ። የባሕር ውሃ ነው ብዬ ከአሞሌ ጨው ፍቄ በምንጭ ውሃ አሟሟሁና ጨመርኩበት። አበባው ጭራሽ ተኮማተረ። አክስቴ ደግሞ፣ «የጠላ ጋን ያጸዳ ግራዋ ይህን ያቅተዋል?» ብላ ቅጠሉን ይዛ ስትመጣ ብልቃጡን አቅፌ ወደ አባባ ሰይድ ሮጥኩ።

ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ተፉት። «ልጄ፣ ወጥ እየሠራሽ ነው እንዴ?»

«ሲጎድል ጨው ጨመርኩበት፣ አባባ።»

«የሚሄደውማ ውሃው ነው። ጨው ምን እግር አለው? ይልቅ ትንሽ ድፊና የምንጭ ውሃ መልሺበት። ከፀሐይም አውጪው። አረንጓዴው ሣር ነው፤ ፀሐይ ካጣ ይከስማል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከደሴ የመጣ ሰው አላየሽም?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«እኔም» አሉ።

ብልቃጡን ከአሞሌው ክምር ጀርባ፣ ጥላ ውስጥ አኖርነው። በየቀኑ እየሄድኩ አረንጓዴውን በዶሮ ላባ ቀስ እያልኩ አነሳለት ነበር። አንድ ከሰዓት አበባው ተከፈተ። አባባ ሰይድ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን አየነው። የሚስቅ ግን አልነበረም።

ቦምብ የሚጥሉ አውሮፕላኖች የመጡ ጧት ጋዝጊብላ ወዳሉ ዘመዶቻችን ሸሸን፤ ብልቃጡ እዚያው ቀረ። ስንመለስ ሱቁ ተቆልፎ ነበር። አባባ ሰይድን ልጃቸው መጥቶ ወስዷቸዋል አሉኝ ጎረቤቶች። በሣንቃው ስንጥቅ አጮለቅሁ። ብልቃጡ ቦታው ላይ ነበር። ውሃው የለም። ድንጋዩ ነጭ ጨው ለብሷል። ዘይነባን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አሁን ልጄ የባሕር ጨው በከረጢት ይገዛል፤ የጎደለውን ውሃም መሣሪያ ራሱ ይሞላል። ብሩሹን አስቀምጥ፣ መብራቱንም አጥፋ አልኩትና አረንጓዴውን በእጄ ለቀምኩ። ሲያልቅ ከድንጋዩ ስንጥቅ አንዲት ቡናማ አበባ ብቅ አለች። ልጄ ደነገጠ።

«እማዬ፣ ይህቺ አረም ናት፤ ዓሣውን ትጎዳለች። ትነቀል።»

«ተዋት» አልኩት። «የሰው አደራ ናት።»

እሱ ከሄደ በኋላ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ሳልንቀሳቀስ።