በእትዬ ብርቄ ላይ የፈረምኩት ውጤት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለእናቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ ይህችን አንዷን ውጬ ተመልሻለሁ። ዛሬ እናገራለሁ፤ ሰው የገደልኩ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

አዳማ ውስጥ አንድ የግል ላብራቶሪ ተቀጥሬ ነበር። የምግብ ምርመራ ነው የምንሠራው፤ ዘይት፣ ወተት፣ በርበሬ። ያን ዓመት የዲኤንኤ መመርመሪያ ማሽን ገባልን፤ ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሆቴል ከሦስት አቅራቢዎች የሚገዛውን የዓሣ ፊሌቶ ላከልን። እንግዶች «ቆሮሶ ብላችሁ አምባዛ አበላችሁን» ብለው ተጣልተውታል። ዓሣ ቆዳው ከተገፈፈና አጥንቱ ከወጣ በኋላ ለብዙ ሰው አንድ ነው የሚመስለው። ነገሩ ደግሞ የጣዕም ብቻ አይደለም። አምባዛ እንደ ቆሮሶ ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ስለ ሃይማኖቱ ብሎ ወደ አፉ የማያደርስ ብዙ ነው።

ከአቅራቢዎቹ አንዷ እትዬ ብርቄ ነበሩ። ገበያው አጠገብ ጠባብ ዓሣ ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በዚያች ቤት አንዲት ልጃቸውን አሳድገዋል። ከዝዋይ የሚመጣውን ዓሣ ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ገፍፈው ነው የሚሸጡት። እናቴም ከሌላ ሰው አትገዛም ነበር።

ከሦስቱም ፊሌቶ ቁራጭ ወስጄ በሦስት ብልቃጥ ከተትኩ። ቁጥር ልጽፍባቸው ስል ስልኬ ጮኸ። እጮኛዬ ነበር፤ ሠርጋችን ሶደሬ ይሁን እዚሁ አዳማ እያልን የምንከራከርበት ሰሞን ነው። እየሳቅኩ ኮሪደር ወጣሁ። ስመለስ የትኛው ብልቃጥ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እንደገና ብቆርጥስ? ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልቆረጥኩም። በግምት ጻፍኩ። አዎ፣ በግምት።

በማግስቱ ሁለተኛው ብልቃጥ አምባዛ ሆኖ ወጣ። በወረቀቴ ላይ ሁለተኛዋ እትዬ ብርቄ ነበሩ። ፈረምኩ።

ሆቴሉ ወዲያው አሰናበታቸው። ወሬው ከሆቴሉ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ሰፈሩ ደረሰ። የማርያም ማኅበርተኞቻቸው «ስንት ዘመን ስታረክሰን ኖራለች» አሉ። ተራቸው ደርሶ ድግስ ሲያወጡ አንድም ሰው ጠላቸውን ሳይቀምስ ቀረ። ይህን እናቴ ናት የነገረችኝ፤ «አንቺ ባትደርሺበት እስከ ዛሬ ታበላን ነበር» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ እትዬ ብርቄ ላብራቶሪው ድረስ መጡ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣ ወንበር ብሰጣቸው እንኳ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እንደው በእመቤቴ» አሉኝ፤ «ሃያ ዓመት በእጄ የያዝኩትን ቆሮሶ ከአምባዛ መለየት ያቅተኛል? አንድ ጊዜ መልሰሽ እይልኝ።»

«እትዬ፣ ማሽን አይዋሽም» አልኳቸው።

«ማሽኑን አላውቀውም። አንቺን ነው የጠየቅሁሽ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች መደርደር ጀመርኩ። ትንሽ ቆመው ጠበቁኝ፣ ከዚያ ወጡ።

ያኔ ፈራሁ። ከፍሪጁ የተረፈውን ሥጋ አውጥቼ፣ በየፌስታሉ ላይ የተጻፈውን ስም እያየሁ እንደገና መረመርኩ። የእትዬ ብርቄ ንጹሕ ቆሮሶ ነበር። አምባዛው የሦስተኛው አቅራቢ ነው፤ ሆቴሉ የእሳቸውን ድርሻ ጨምሮ የሰጠው ለዚያው ሰውዬ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። ልናገር ነበር፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ አጽናናሁ! በሩን ስከፍት አለቃዬ ተነስቶ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል። የዓሣው ሥራሽ አኩርቶናል» ብሎ የቅጥር ደብዳቤዬን ሰጠኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛውን ውጤት ቀደድኩ፤ የተረፈውንም ሥጋ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ጣልኩ። የመጀመሪያው ስህተት ነበር ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይሄኛውስ? ይሄኛውን በሙሉ ልቤ፣ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

እትዬ ብርቄ ዓሣ ቤታቸውን ዘግተው ከአዳማ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለሥራ ዝዋይ ሄድኩ። ሐይቁ ዳር ሴቶች ተደርድረው ዓሣ ይገፍፋሉ፤ እሳቸውም መሐላቸው ተቀምጠዋል፤ ለሰው ተቀጥረው። ከስተዋል፣ ግን አወቅኋቸው። እሳቸውም አወቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ሳሙኝ።

«አንቺ ምን አደረግሽ» አሉኝ። «እጄ ነው የከዳኝ። ዓይኔም ደክሞ ነበር መሰለኝ፣ አምባዛውን ሳላየው ቀላቅዬዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ ቀኖና ሰጡኝ፣ ፈጸምኩ። ያን ጊዜ ስለተቆጣሁሽ ይቅር በይኝ።»

ይቅር በይኝ አሉኝ። እኔን።

አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» የሚል ወጣ። ከዚህ የከፋ ቃል ሰው በምድር ላይ ተናግሮ ያውቃል? ያን ጊዜ አለቃ አጠገቤ አልነበረም፣ የሚቀርብኝ ደብዳቤ አልነበረም፣ ማንም አላስገደደኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እሳቸውን ከራሳቸው ጋር የምታስታርቅ አንድ ዓረፍተ ነገር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳልናገራት መኪና ውስጥ ገባሁ።

ባለፈው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ልጃቸው ስታለቅስ «እማዬ፣ እግዜር ያን ጥፋትሽን ይቅር ይበልሽ» ትል ነበር። የገዛ ልጃቸው እንኳ እናቷ እንዳጠፉ አምናለች፤ ያሳመንኳት እኔ ነኝ።

ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ወጣት ብሆንም ማንበብና መጻፍ እችል ነበር፤ ብፈራም የተራቡት እሳቸው ናቸው። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ልጃቸው አዳማ ነው ያለችው። የምትሠራበትን ሱቅ አውቀዋለሁ፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። በባጃጅ በፊት ለፊቱ አልፋለሁ። ትናንትም አለፍኩ።