ክሬን ታሟል

ድሬዳዋ፣ ከታይዋን ገበያ ጀርባ፣ መጋዘኖቹ ደጅ ሄዳችሁ «ሚሬ የሚባል ሰው አለ?» ብትሉ የሚያውቅላችሁ የለም። «ሬዲዮ» ካላችሁ ግን እጃችሁን ይዘው ያደርሷችኋል። በጫኝና አውራጆች ማኅበር ውስጥ እናት ያወጣችው ስም የሚኖረው መታወቂያ ላይ ነው፤ ሰው የሚጠራው ጓደኞቹ ባወጡለት ነው። ክሬን አለ፣ ዲናሞ አለ፣ ጎማ አለ። ሚሬ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ እየዞረ የማኅበሩን ዜና በድምፅ ማጉያ ስለሚለፍፍ ሬዲዮ ተባለ።

ጆንያ የሚሸከመው ለእንጀራው ነው፤ ማጉያውን የሚይዘው ግን ለነፍሱ። ሚስቱ ፋዱማ «ማታ ትራስ ስር ማድረግ ብቻ ነው የቀረህ» እያለች ትቀልድበታለች። እሷ አታውቅም እንጂ አንድ ሁለቴ አድርጎታል።

ይህ ጥቅምት ግን ለሚሬ ክፉ ሆኖ መጣ። ደገኛው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲል፣ ድሬ ገና ከላቧ የምትገላገልበት ወር ነው፤ የማኅበሩም ሥራ የሚበዛው ያኔ ነው። ክረምቱ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ሥር የጣለው ቆሻሻ ይጠረጋል፣ ለአባላት ልጆች ደብተር ይታደላል፣ በየዓመቱ የሚሸነፉበት ከባጃጅ ነጂዎች ጋር የሚደረግ የኳስ ግጥሚያም አይቀርም። ችግሩ ከአዲሷ ጸሐፊ ከሰገል ጋር መጣ። ሰገል ትጉህና ቅን ልጅ ናት፤ ሚሬን ያቃጠለውም ይሄው ነው። ክፉ ብትሆን ጠልቷት ይገላገል ነበር።

«አዴር» አለችው ቢሮ ጠርታ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ነሐሴ ላይ ‘ደቻቱ ሞልቷል’ ብለህ ከማዶ የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ቤቱ ዋለ። አሸዋው ላይ ግን ፍየል ተኝቶ ነበር። ከእንግዲህ አንድ ዜና ከተሳሳትክ ማጉያውን ትመልሳለህ፤ ዜናው በቴሌግራም ብቻ ይሆናል። ስምም ስትጠራ መታወቂያ ላይ ያለውን ጥራ።»

ከዚያም የሳምንቱን ዜና ነገረችው። አባላችን ዐብዲፈታሕ ኻሊፍ ወገቡን ታሞ ተኝቷል፤ እሁድ ጠዋት ተሰብስበን እንጠይቀዋለን።

ሚሬ ራሱን እያከከ ወጣ። ዐብዲፈታሕ ደግሞ ማነው? ሰገልን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን ሬዲዮ ዜና ይናገራል እንጂ ዜና ይጠይቃል እንዴ? በወሬ መሀል ስሙን ጠቅሶ ጎማን ሞከረው። ጎማም «አቦ፣ እኔ የራሴንም የማስታውሰው ቀበሌ ስሄድ ነው» አለው።

ስለዚህ በራሱ መንገድ አጣራ። ሰሞኑን ከሥራ የጠፉት ሁለት ናቸው፣ ዲናሞና ክሬን። ዲናሞ ከጠፋ የሆነ ቦታ ሠርግ አለ ማለት ነው። ክሬን ግን ቀርቶ አያውቅም። የታመመው ክሬን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ ሰፈሩን ሁሉ «ክሬን ታሟል፤ እሁድ ጠዋት ቤቱ እንገናኝ» ሲል ዞረ። መታወቂያ ላይ ያለውን ስም አልጠራም፤ ማን ያውቀውና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው በምሳ ሰዓት ከዚራ ሰፈር ድረስ ደርሶ ነበር።

እሁድ ቤተሰቡ እንዲዘጋጅ ብሎ ቀድሞ ደረሰ። ክሬን ጣሪያ ላይ ቆሞ ቆርቆሮ ይመታል። ልጁን ሊድር ስለሆነ ቤት ለማደስ ፈቃድ ወስዶ ነው የጠፋው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መታመሙን ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር።

«ወርያ ክሬን፣ ውረድ። ታመሃል» አለው ሚሬ።

«ምኔን?»

«ወገብህን። ሰው እየመጣ ነው። አንድ አፍታ ብቻ ታመምልኝ፤ ማጉያዬን ሊቀሙኝ ነው።»

የክሬን ሚስት ናሲሞ «በሽታ በስሙ ከተጠራ ይመጣል» ብላ ተቆጣች። ክሬን ግን የመጣለትን ሸክም እምቢ ብሎ አያውቅም። ወረደና ገብቶ ተኛ።

ጫኝና አውራጁ ሙዝና ብርቱካኑን ይዞ ጎረፈ። ዱአ ተደረገ። «አላህ አፊያህን ይመልስልህ» እያሉ እጁን ሲጨብጡት ክሬን ያቃስታል፤ ኪሱ ውስጥ የረሳው ምስማር በተገላበጠ ቁጥር ስለሚወጋው ማቃሰቱ የምር ነበር። ጎማ የግመል ስብ ይዞ መጥቶ ካላሸሁት ብሎ ድርቅ አለ። ናሲሞም ከጥግ «እሸው፣ አጥብቀህ እሸው» አለችው።

በዚህ መሀል ዲናሞ ገባ። ጎብጧል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ በአንድ እጁ ብርቱካን አንጠልጥሏል። አልጋው አጠገብ ምንጣፉ ላይ እያቃሰተ ተቀመጠና «አይዞህ ክሬን፣ የወገብ ነገር እኔም አውቀዋለሁ» አለ።

ሰገል ቤቱ ጠፍቷት ኖሮ የደረሰችው ከሁሉም ኋላ ነው። በሩ ላይ ቆማ አልጋውን አየች፣ ምንጣፉን አየች።

«አዴር ዐብዲፈታሕ» አለችው ዲናሞን፣ «ታማሚው አንተ አይደለህ እንዴ? ምን ልትሆን መሬት ተቀመጥክ?»

ዲናሞ አንገቱን ደፋ።

«ትናንት ማጉያው በደጄ ሲያልፍ ሰማሁ» አለ። «ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ብርቱካን ይዞ በደጄ ያልፋል። የኔን በር ያንኳኳ የለም። ወላሂ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ክሬን ታሟል ተብሎ ይቀራል እንዴ? ተነሣሁ።»

ሚሬ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ከዲናሞ ጋር ስንት ዓመት አንድ ጆንያ በሁለት ጫፍ ይዘው አንሥተዋል፤ ስሙን ጠይቆት አያውቅም። ስለ ማጉያው ማሰብ ያቆመው ያኔ ነው። ወስዶ ሰገል እጅ ላይ አስቀመጠላት።

«ክሬን ደህና ነው። ተኛልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዐብዲፈታሕ ማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ።»

ሰገል ስልኳን አውጥታ አየችው። ሐሙስ ዕለት የዲናሞን ሕመም በሙሉ ስሙ ማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ለጥፋ ነበር፤ ሥሩ ልብና የጸሎት እጅ ያልላከ አባል የለም።

«ይህን ስትልኩ ማን መሆኑን ያወቀ አለ?» አለች። ጎማ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። «እኔም ስሙን እንጂ ቤቱን አላውቀውም» ብላ ስልኩን ዘጋችና ማጉያውን ለሚሬ መለሰችለት። «ማስተካከያውን አንተው ተናገር። ሁለቱንም ስም እየጠራህ።»

ክሬን ምስማሩን እያንጠባጠበ ከአልጋ ተነሣ፤ ጠያቂው ሳይቀድመው ታማሚው ቤቱ እንዲደርስ ዲናሞን አዘለው። ናሲሞ ብርቱካኑን ሰብስባ አስረከበች፤ ሙዙን ግን ጠያቂዎቹ ራሳቸው ጨርሰውታል። ሚሬ ክሬንን ሙሉ ስሙን ጠየቀና ከፊት ከፊት እየሄደ ለሰፈሩ ለፈፈ፦ «ማስተካከያ። ክሬን፣ ሙሉ ስሙ ሊበን ኑርሀን፣ ደህና ነው። የታመመው ዲናሞ ነው፤ ሙሉ ስሙ ዐብዲፈታሕ ኻሊፍ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሬዲዮ» አለው ዲናሞ፣ ክሬን ጀርባ ላይ እንዳለ። «የኔን ስም ይኸው አገር ሰማው። ያንተን ግን እኔም አላውቀውም።»

ሚሬ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ጠጋ አለና ዝግ ባለ ድምፅ ስሙን ነገረው።