ባልዲ ሲንኳኳ

ዕድሜያቸውን በስልክ ማዞሪያ ቤት የፈጁት ሴትዮ ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ ሲሰለቻቸው፣ በወንዙ ዳር ባለው ጥንታዊ የጉምሩክ ሕንፃ ወደተከፈተው የጎብኚዎችና የዱር እንስሳት ማዕከል ሄደው «በነፃ ላገልግል» አሉ። ጎብኚ በገባ ቁጥር «ሃሎ!» ስለሚሉ ስማቸው እትዬ ሃሎ ሆኖ ቀረ።

ጠዋት የድሮውን ወደብ ፎቶግራፎች አቧራ ይጠርጋሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ከሰዓት በኋላ ከሕንፃው ጀርባ በሽቦ አጥር ወደተከለለው ኩሬ ይወርዳሉ። እዚያ አዞ አለ። ዓሣ አጥማጆች ከመረባቸው አውጥተው ሲያመጡት ክንድ የማያህል ጫጩት ነበር፤ ቀልበው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ኮሽታ ስለሌለው «ዝምተኛው» አሉት። የቆርቆሮ ባልዲ በድንጋይ ኳ ኳ ሲያደርጉለት ካለበት ብቅ ይላል፤ ጎብኚው ያጨበጭባል።

«ከልጆቼ እሱ ይሻለኛል፤ ስጠራው ይመጣል» እያሉ ሰዉን ያስቁታል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞላ። ውሃው ሲጎድል አጥሩ ተጋድሟል፤ ኩሬው ባዶ ነው።

«ወደ ቤቱ ሄደ፣ ደስ ሊለን ይገባል» አለ የማዕከሉ ኃላፊ።

እትዬ ሃሎም ደስ ሊላቸው ሞከሩ። ግን አንድ ነገር ቅር አላቸው። ወደ ወንዙ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ ሲንጫጩ የሚውሉት ዳክዬዎች ድምፃቸው ጠፋ። የአንድ ጎረቤት አናጢ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ በዚያው ቀረ። «ጎርፍ ወስዶት ይሆናል» ተባለ። ጎርፉ ካለፈ ግን ሰንብቷል።

አንድ ረፋድ በሕንፃው መስኮት ቁልቁል ሲያዩ ታናሽ እህታቸው ደረጃው ሥር ምንጣፍ ታጥባለች። ስትጨርስ ባልዲዋ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ልታራግፍ ከድንጋዩ ጋር አጋጨችው። ኳ። ኳ። ኳ።

እትዬ ሃሎ መስኮቱን በረገዱት። ከማዶ አንድ ቀጭን መስመር ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ደረጃው መጣ።

«ውጪ! ከውሃው ውጪ!»

እህትየው ቀና ብላ ሳቀች። «ምን አልሽ እታለም? አይሰማም!»

«ባልዲውን ጣዪው!»

ሰምታ ይሁን ውሃው ሲነሳ አይታ፣ ወረወረችው። ባልዲው ውሃ ሳይነካ መንጋጋ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮው ሲጨማደድ እስከ መስኮቱ ተሰማ። ከዚያ ውሃው ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ገጠመ። እህትየው ደረጃውን በእጇም በጉልበቷም እየዳኸች ወጣች።

እትዬ ሃሎ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ገቡ።

«የትም አልሄደም። ባልዲ በተንኳኳበት ሁሉ ምሳዬ ደረሰ ብሎ ይመጣል። ያስለመድኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

የኃላፊው ፊት አመድ መሰለ። የዚያኑ ዕለት ሰው ወደ ወንዙ እንዳይወርድ ተከለከለ። አጥሩ ተጠገነ፤ በወንዙ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት በር ተገጠመለት። በሩ ክፍት ተትቶ እትዬ ሃሎ በየቀኑ ኩሬው ዳር ቆመው ባልዲ ያንኳኩ ጀመር። እንስሳ ጠባቂው የበሩን ገመድ ይዞ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ኧረ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ!»

«ካላየኝ አይገባም።»

ቀናት አለፉ፤ ድርሽ አላለም። ዓሣው በባልዲው ውስጥ እየሸተተ ይደፋል። ሰዉ «ርቆ ሄዷል» ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ግን እትዬ ሃሎ ባልዲውን ሊያንኳኩ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ፣ ከጫማቸው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሁለት ዓይን አዩ። ማንም ሳይጠራው ገብቶ፣ ከሥራቸው ተኝቶ ሲያያቸው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማን ያውቃል? ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ እንስሳ ጠባቂው ዘረጉ።

«ገመዱን ልቀቀው» አሉ በሹክሹክታ።

ገመዱ ተለቀቀ፤ በሩ ወረደ። ዝምተኛው ዞር ብሎ እንኳ በሩን አላየም፤ ዓይኑ ቀስ ብለው ወደ ኋላ በሚያፈገፍጉት እትዬ ሃሎ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሃሎ ወደ ኩሬው ወርደው አያውቁም። ሥራቸው አዳራሹ ውስጥ ብቻ ሆነ፤ «ሃሎ»ዋም ቀዝቀዝ አለች። እህታቸው አንዳንድ ቀን ምሳ ታመጣላቸዋለች። ሁልጊዜ ኩሬውን ለሚያሳየው መስኮት ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀመጠው።

«አኩርፈሽኛል?» አሏት አንድ ቀን።

«አላኮረፍኩም። እሱን ማየት ስለማልፈልግ ነው።»

«እኔንስ?»

እህትየው የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች።

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።