በሳቅ የተያዘው ባስ

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂዋ ሎሬታ በሮድ አይላንድ ባሕር ዳርቻ ባስ የሚባለውን ባለመስመር ዓሣ ስታጠምድ፣ ዓሣው ማባበያውን ገና ሲነካ ዘንጉን መንጭቃ ታስመልጠው ነበር። ባሏ ኦርቪል ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ሰጣት።

"ለሞተ የዓሣ ቁራጭም ለሕያው ማባበያም ይሆናል። ብቻ አትመንጭቂ፤ ዓሣው ራሱ ይያዝልሻል።"

"ይሄ መንጠቆ ነው ጉትቻ?" አለችው።

ለማባበያ እባብ የሚመስል ትንሽ ዓሣ ከባልዲው አውጥታ ከነነፍሱ መንጠቆው ላይ ሰክታ ወረወረች። ኦርቪል ለራሱ ሌላ ሲያወጣ ከእጁ አፈትልኮ ቦት ጫማው ውስጥ ገባ። "ኧረ አውጪልኝ!" እያለ በአንድ እግሩ ሲዘል ሎሬታ በሳቅ ፍርስ አለች፤ መመንጨቁ ቀርቶ መቆምም አቃታት። ያኔ ዘንጉ ጎበጠ።

ባሱ ሲወጣ መንጠቆው ከንፈሩ ጥግ ላይ ተሰክቷል።

"አየሽ?" አለ ኦርቪል፣ በባዶ እግሩ ቆሞ።

"አየሁ እንጂ! ነገም ትዘልልኛለህ!"