የብሎኑ ግማሽ ዙር

ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ታላቅ እህቱ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረች መምህርት ነበረች፤ ካንሰር ይዟት ማንቁርቷ በቀዶ ጥገና ወጣ፣ ድምፅዋም አብሮ ሄደ። ከውጭ የሚመጣው የመናገሪያ መሣሪያ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ከአሮጌ ስልክ ሞተር፣ ከቧንቧ ክዳንና ከእጅ ባትሪ ቀፎ ራሱ ሊሠራላት ተነሣ።

ስድስተኛው ሙከራ ተሳካ። አንገቷ ላይ አስጠግታ ቁልፉን ስትጫነው እዝዝ ይላል፤ ከንፈርና ምላሷን ስታንቀሳቅስ እዝዝታው ቃል ይሆናል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ዓይናቸው የጠፋው እናታቸው ከአልጋው ጫፍ ብድግ አሉ። «ማነው ይሄ ሰውዬ? ማን አስገባው?»

እህቱ ሳምንት ሙሉ መሣሪያውን አልነካችም። እሱን ግን አላስቻለውም፤ ድምፁን የሚያቀጥንና የሚያወፍር ትንሽ ብሎን ጨመረበት። ሦስቱም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እሱ በካቻቪቴ ያዞራል፣ እህቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች፣ እናታቸው ይሰማሉ።

«ወፈረ... አሁን ደግሞ ቀጠነ... እስቲ ግማሽ ዙር መልሰው... ቁም! እዚያው ተወው።» ፊታቸው በራ። «መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

«እማዬ ትለኛለች ደግሞ! እህትሽ መሆኔን ረሳሽው እንዴ፣ አንቺ ጭራሮ?»

ወንድምና እህት ተያዩ። ጭራሮ የእናታቸው ታናሽ እህት ቅጽል ስም ነበር፤ እነሱ ሳይወለዱ፣ ገና በልጅነቷ የሞተችው። እሱ ብሎኑን ሊመልሰው ሲል እህቱ እጁን ያዘችው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ሲጫወቱ ይውላሉ። እናታቸው ያወራሉ፤ እህቱ የማታውቀውን ላለመናገር «እሺ» እና «አዎ» ብቻ ትላለች። አንድ ቀን ግን እናታቸው «አምባሬን የት ደበቅሽው?» አሉ፤ ጥቂት አዳመጡና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ከደረጃው ድንጋይ ሥር! እኔን አስገርፈሽ!»

እህቱ ደብተሯን ሳበችና ለወንድሟ ጻፈችለት፦ «ቁልፉን አልተጫንኩም።»

እናታቸው ሁለት ዓመት ደስ ብሏቸው ኖረው አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ወንድሟ ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው አዲስ መሣሪያ ሠርቶ ፊቷ አስቀመጠላት።

«ያቺን በቃ ጣያት፣ እትዬ።»

አዲሱን አንዴ ሞክራ መለሰችለት። አሮጌዋን አንስታ አንገቷ ላይ አደረገች።

«ጭራሮስ የት ትሂድ?» አለች።

በሳምንቱ ወንድሟ አዲሱን መሣሪያ ማንቁርቱ ለወጣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሰጠው።